የሜዳ ክብር ከምን ይመነጫል?

የአንድ ሜዳ ክብር የሚለካው በዝናው ነውን? በእንግሊዝ አገር ንግሥት አን በ1711 እ.ኤ.አ. የመሠረተችው የአስኮት የፈረስ መሮጫ በዓለም የታወቀ ነው። ነገር ግን በዚያ አብዛኛው ተመልካች ጋላቢውን የሚያውቀው በቁጥሩና በውርርዱ ነው።

በአገራችን በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የዓድዋን ድል ለማሰብ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በአዊ በዓሉን ያከብራል። እዚያ በግልቢያና በጉግስ የሚታየው ገበሬው ነው፤ ያው ፈረስ በሌላው ቀን ባለቤቱን ለገበያ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ያደርሰዋል። ተመልካቹም ጎረቤት በመሆኑ ፈረሰኛውን በግልቢያው ብቻ ሳይሆን በኑሮው ጭምር ይመዝነዋል።

እርግጥ መተዋወቅ አድልዎን ሊወልድ ይችላል። በሰዓትና በደንብ የሚዳኘው ታላቅ ሜዳ ለባዕዱ ይበልጥ ፍትሐዊ ሊሆን መቻሉ አይካድም። ይሁንና ደንብ አሸናፊውን ይለያል እንጂ ተሸናፊውን አያጽናናም። በታናሹ ሜዳ ግን የተሸነፈውም በስሙ ተጠርቶ፣ ሰውነቱ ሳይጎድል ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የአዊ በዓል ዛሬ ከሩቅ እንግዳ መሳብ ጀምሯል። በዚያም ሆነ በሆሳዕናና በዱራሜ ባህልን ለአደባባይ የምናበቃ መምህራንና ከያንያን ዝና ሲመጣ ልንጠይቅ የሚገባን «ስንት ተመልካች ተገኘ?» ብለን ብቻ አይደለም፤ «ተሸናፊው ዛሬም በስሙ ይጠራልን?» ብለን ጭምር ነው።