ባለቅኔ የሚቀኘው ለማን ነው?



በበዓል ቀን ቅኔ ሲቀርብ ሊቃውንቱ «ይበል! ይበል!» ሲሉ እንሰማለን። ብዙዎቻችን ግን ግእዙን ስለማናውቅ ዝም ብለን እንቆማለን። ዛሬ በራፕ ስልት ስለሚገጥሙ ወጣቶችም «ግጥሙ ረቀቀ፤ ለማን ነው የሚጽፉት?» የሚል ክርክር አለ። ጥያቄው ለጎጃም ምድር አዲስ አይደለም። ለመሆኑ ባለቅኔ የሚቀኘው ለማን ነው?

አስቀድመን ቅኔ ስለ ምን ረቂቅ እንደ ሆነ እንመልከት። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፥ መወድስ ስምንት ቤት ነው። በዚህች ጠባብ ስፍራ ሰምና ወርቅ አብረው ያድራሉ። ለምሳሌ «ስንዴ በመሬት ተቀብራ ለብዙዎች እንጀራ ሆነች» ብንል፥ ሰሙ የገበሬው እርሻ፥ ወርቁ የጌታችን ሞትና ትንሣኤ ነው። አንድ ጊዜ የቀረበ ቅኔ ለሌላ በዓል አይደገምምና ተማሪው ከሰው ተለይቶ ሲቆጥር ይውላል፤ ለመምህሩም አቅርቦ ይታረማል። ስለዚህ ጥልቀቱ የድካም ፍሬ ነው እንጂ ነውር የለበትም። ደግሞም ቅኔ አስቀድሞ ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ምስጋና ስለ ሆነ፥ ሰው ሁሉ ባይረዳውም ከንቱ ነው ልንል አንደፍርም።

ነገር ግን ይህ ተማሪ ያደገው በማን እንጀራ ነው? አኩፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲለምን ቁራሽ የሰጡት እናቶች አይደሉምን? እነርሱ በበዓሉ ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው፥ ምን እንደ ተባለ ሳያውቁ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። እንጀራቸውን በልቶ ወርቁን መንፈግ ፍርድ ማጓደል ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በፊተኛው መልእክቱ፥ በምዕራፍ 14፥ በማይታወቅ ቋንቋ የሚናገር ሰው ማኅበሩ ይታነጽ ዘንድ ትርጓሜ እንደሚያስፈልገው ያስተምራል።

«ቅኔ ሲተረጎም ጣዕሙ ይጠፋል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ኅብሩ በአማርኛ ሙሉ በሙሉ አይገኝም። ይሁን እንጂ ወጡ ቀጠነ ብሎ እንግዳውን ጦሙን የሚሰድ ሰው የለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በዚህች በደብረ ወርቅ፥ በደብረ ኤልያስና በዲማ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ቀስመዋል። በ1958 ዓ.ም. የወጣውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ግን ለሁሉ በሚገባ አማርኛ ጻፉት። ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርኩትም ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ አደመጠው። የደራሲው ሊቅነት በዚህ አልቀለለም።

እንግዲህ ባለቅኔው ቅኔውን አያቅልል እንላለን። ሆኖም ወርቁን የሚያሳይ ሰው ከጎኑ ይኑር። አድማጭ እንዳይደርስበት ብቻ የሚያረቅ ገጣሚ፥ ሰሙ ሲገፈፍ ባዶ እጁን ይገኛል። እኛ ወጣቶችም ድርሻ አለን፤ በየበዓሉ የአንዱን ቅኔ ሰምና ወርቅ ከመምህራን ጠይቀን፥ ጽፈን፥ ለእናቶቻችን እንንገራቸው። የቁራሹ ዕዳ በዚህ ይከፈላል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።