ባለ ኮከቡ ንጉሥ

ማንም ጽፎት የማያውቅን ቃል “ነበረ” ማለት ይቻላል? ሩሲያኛ፣ ፖላንድኛ፣ ቼክኛና ቡልጋርኛ የተገኙበት የጥንቱ ስላቭኛ አንድ መስመር ጽሑፍ እንኳ አልተወልንም። ቄርሎስና መቶድዮስ ለስላቮች የጽሕፈት ቋንቋ ያበጁላቸው በ9ኛው መቶ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ሊቃውንት የሚደርሱበት ልጆቹን አስተያይተው ወላጁን በመገመት ነው። እንዲህ ከተገኘ ቃል ፊት ኮከብ ያኖራሉ፤ በጽሑፍ ያየው የለም ለማለት።

የንጉሥ መጠሪያ የሆነው ቃል ግን ከሌሎቹ ለየት ይላል። ሩሲያኛ ኮሮል፣ ፖላንድኛ ክሩል፣ ቼክኛና ቡልጋርኛ ክራል ይሉታል፤ ወላጃቸው *ኮርልይ ነው ይባላል። አብዛኞቹ ሊቃውንት እንደሚሉት ይህ ቃል የአንድ ሰው ስም ነበር፤ የፍራንኮች ንጉሥ የታላቁ ካርል፣ ፈረንሳዮች ሻርለማኝ የሚሉት። ቄሳር የሮማዊ ቤተሰብ ስም ሆኖ ሳለ ማዕረግ ሆኖ እስከ እኛ እንደደረሰ፣ የካርልም ስም በምሥራቅ ጎረቤቶቹ ዘንድ የሥልጣን ስም ሆነ። ካርል የሞተው እ.ኤ.አ. በ814 ነው። ስለዚህ ባለ ኮከብ ሆኖ ዘመኑ የሚታወቅ ቃል አገኘን ማለት ነው፤ ይህ እጅግ ብርቅ ነው።

አሁን ከእርሱ የሚቀድመውን *ጎርድን፣ የታጠረ ሰፈር ወይም ምሽግ ማለት ነው፣ አጠገቡ እናስቀምጥ። በሩሲያኛ ጎሮድ፣ በፖላንድኛ ግሩድ፣ በቼክኛ ህራድ፣ በቡልጋርኛ ግራድ ሆኗል። የ“ር” አካሄድ ከንጉሡ ቃል ጋር አንድ ነው፤ ሩሲያኛ ከ“ር” በኋላ አናባቢ ጨመረ፣ ሌሎቹ “ር”ን ከአናባቢው ፊት አመጡት። የባዕድ ሰው ስም ከቅድመ አያት የወረደው ቃል በሄደበት መንገድ ሄደ። ከዚህም ተነሥተው ብዙዎች፣ በ800 ግድም ስላቭኛ ገና አንድ ቋንቋ ነበር፣ ለውጡም አልተፈጸመም ይላሉ።

እኔ ግን እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። በዘዬ የሚጎራበቱ ሰዎች ቃል ሲቀባበሉ ድምፁን ወደ ራሳቸው ልማድ ይመልሱታል። ለሩሲያኛ ተናጋሪ የጎረቤቱ ግራድ የራሱ ጎሮድ ከሆነ፣ ክራልም ሳያስበው ኮሮል ይሆናል። እንግዲያው በጥንቷ የሩሲያ ከተማ በኖቭጎሮድ *ኮርልይ ያለ ሰው ላይኖር ይችላል። ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ አውጉስት ሽላይኸር በ1868 የስላቭኛም ቅድመ አያት በሆነው፣ እንደገና በተገነባው የኢንዶ አውሮፓ ቋንቋ አንድ ተረት እስከ መጻፍ ደርሷል፤ ደፋር ሰው ነበር። ለእኔ የቃላቱ ዝምድና እውነት መሆኑ አንድ ነገር ነው፣ ድምፁን የሰማ ጆሮ መኖሩ ሌላ። ሁለቱን ማደባለቅ ትልቁን ሥራ ያሳንሰዋል።

ሆኖም ከዚሁ ቤተሰብ አንድ ልጅ ይሞግተኛል፤ ጥንቸል። ጥንቸል በፖላንድኛ ክሩሊክ ይባላል፣ “ትንሽ ንጉሥ” እንደማለት። ጀርመኖች የላቲኑን ኩኒኩሉስ ወደ ራሳቸው ቋንቋ ሲያመጡት “ትንሽ ንጉሥ” ከሚለው ቃላቸው ጋር ተመሳሰለ፤ ፖላንዶች ይህንኑ ተረጎሙ። ሩሲያኛም ከፖላንድኛ ወስዶ ክሮሊክ አለው፤ በራሱ ልማድ ግን ኮሮሊክ ሊለው ይገባ ነበር። በኮሮል ውስጥ ያለችው ተጨማሪ አናባቢ እዚህ የለችም። ከጎረቤት የመጣ ቃል ሁልጊዜ ወደ ቤት ልማድ የማይመለስ ከሆነ፣ ኮሮል ያቺን አናባቢ ያገኘው ከጎረቤት ተቀብሎ በማስተካከል ሳይሆን እንደ ጎሮድ ከጥንቱ ድምፅ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል፤ የእኔም ጥርጣሬ በዚያው ልክ ይሳሳል።