ጫቱ ነው ወይስ ሕመሙ?

የአእምሮ ሕክምና ክፍል ደጃፍ ተራ ጠብቀው የሚገቡ አስታማሚዎች ገና አረፍ ሳይሉ ሐኪሙን የሚጠይቁት ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ያሳበደው ጫቱ ነው ወይስ ታሞ ነው ጫት የጀመረው?» በጫቱ ቦታ አረቄ ወይም ጋንጃ ሊገባ ይችላል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። ከሐኪም አፍ ሲወጣ የሕክምና ጥያቄ ነው። ከቤተሰብ አፍ ሲወጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱን ማን ይሸከም የሚል ክርክር ነው፤ የሕክምና ልብስ የለበሰው ለጨዋነት ያህል ነው።

ለሐኪሙ ቅደም ተከተሉ ይጠቅመዋል። ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ከለጋ የጫት ቅጠል ተለይቶ የታወቀው በ1975 እ.ኤ.አ. ሲሆን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው፤ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን እንዲበዛ ያደርጋል። (ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑም አብሮ ይደክማል፤ የጫት መኪና ሌሊቱን እንደ እብድ የሚከንፈውም ለዚሁ ነው።) ከልክ በላይ የቃመ ሰው እንቅልፍ አጥቶ፣ ሰው ይከታተለኛል እያለ፣ የሌለ ድምፅ እየሰማ ወደ ሕክምና ሊመጣ ይችላል። ይህ ዓይነቱ መታወክ ጫቱ ሲቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። ካቆመ ወር ገደማ ካለፈው በኋላም ድምፁ ካልተወው፣ ወይም ሕመሙ ጫት ሳይቀምስ በፊት የነበረ ከሆነ፣ ሐኪሙ ራሱን የቻለ ሕመም እንዳለ ያስባል። ስለዚህ «መቼ ጀመረህ? አቁመህ የቆየህበት ጊዜ ነበር? ያኔስ እንዴት ነበርክ?» ማለቱ ሥራው ነው።

ስለዚሁ ወር ካነሣን ጠበልንም ማንሳት ግድ ነው። ጠበል ቦታ የከረመ ወጣት እዚያ እስካለ ድረስ አይቅምም፣ አይጠጣም፣ አያጨስም፤ በጊዜ ይተኛል። በሦስት በአራት ሳምንት ልቡ ተመልሶ ቤቱ ሲገባ ቤተሰቡ ጠበሉን ያመሰግናል፤ ሐኪሙ ደግሞ ከጫት መለየቱን ይቆጥር ይሆናል። በዚህ ላይ መከራከር አልፈልግም። የሚያሳስበኝ ልጁ ሲመለስ ሰፈሩም ጓደኞቹም ሥራ የሌለው ከሰዓት በኋላውም እንደነበሩ መጠበቃቸው ነው።

የቅደም ተከተሉ ጥያቄ ከዚህ አልፎ ብዙ እንደማያስኬድ ለማየት ቡታጅራን የመሰለ ቦታ የለም። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ10,000 በላይ ጎልማሶች ተጠይቀው ግማሾቹ በጊዜው ጫት ይቅሙ እንደነበር ታወቀ። ከቃሚዎቹም 80 ከመቶ ያህሉ የሚቅሙት ለጸሎት ሐሳባቸውን ለመሰብሰብ እንደሆነ ተናገሩ። በዚያው አካባቢ ከ68,000 በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ሲታዩ ደግሞ በስኪዞፍሬኒያ የታመመው ከ1,000 ሰው 5 እንኳ አልሞላም። ግማሹ አገር በሚቅምበት ቦታ ሕመሙ ይህን ያህል ጥቂት ሰው ከያዘ፣ ጫት ብቻውን ያሳብዳል ማለት አያስኬድም። ጫቱ ንጹሕ ነው ማለትም አይደለም። ሐርጌሳ ውስጥ ሚካኤል ኦደንቫልድና ባልደረቦቹ በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት በልጅነት መጀመርና አብዝቶ መቃም ከሳይኮሲስ ጋር ተያይዞ አግኝቶታል።

ነገሩን ከሌላው ጎን ስናየው ይከብዳል። በአሜሪካ ከ20,000 በላይ ሰዎችን የጠየቀውና በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው ሰዎች 47 ከመቶዎቹ በዕድሜያቸው አንድ ወቅት የመጠጥ ወይም የዕፅ ችግር ነበረባቸው፤ በጠቅላላው ሕዝብ ይኸው ቁጥር 17 ከመቶ ገደማ ነበር። አብሮነቱ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም ማለት ነው። ሁለቱም ከአንድ መሬት ይበቅላሉ፦ ከውርስ፣ በልጅነት ከደረሰ በደል፣ ከጦርነት፣ ከችጋር። ከበቀሉ በኋላም አንዱ ሌላውን ያጠጣዋል።

ወደ ቤተሰቡ ልመለስ፤ የነገሩ ጓዳ ያለው እዚያ ነውና። «ጫቱ ነው» የሚለው መልስ ለቤተሰብ መጠለያ ነው። ትዳር ሲታሰብ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት በዘራቸው እብደት አለ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ልጁ «በጫት ነው የነካው» ከተባለ ዘሩ ይጸዳል፤ እኅቶቹ ያገባሉ። ጥፋቱ የቅጠሉ፣ የክፉ ጓደኛ፣ ቢበዛ የራሱ የልጁ ይሆናል። «ሕመም ነው» ከተባለ ግን ጥላው በሁሉም ላይ ያርፋል። «መድኃኒት አስነክተውት ነው» የሚለው ሦስተኛው መልስም የሚሠራው እንደዚሁ ነው፤ ጥፋቱን ከአጥር ውጭ ያወጣዋል። በአንድ ቤት ውስጥ አባት ጫቱን፣ እናት መተቱን፣ አክስት ዐይነ ጥላውን ይዘው ለዓመታት ሊከራከሩ ይችላሉ፤ ልጁ በመካከል ተቀምጦ ይሰማል።

ልጁም የሚመርጠው አለ። እሱም ብዙ ጊዜ ከአባቱ ጋር ይስማማል። ጫት ከሆነ መተው ይቻላላ! ሕመም ከሆነ ግን ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ክኒን፣ በየወሩ የሚወጋ መርፌ ሊሆን ነው። «ካቆምኩ እድናለሁ» ማለት ተስፋም ነው፣ መድኃኒቱን ለመጣል የሚመች ሰበብም ነው። በተቃራኒው በመጠጥ የተጎዳ፣ ድባቴው ከመጠጡ በፊት የነበረ ሰው ይኖራል። እሱን ማንም «ታሟል» አይለውም፤ «ሰካራም» ይለዋል፣ ያልፋል። አንድ ዓይነት ስቃይ በአንዱ በር ሲገባ ሐዘኔታ፣ በሌላው በር ሲገባ ስድብ ይጠብቀዋል። ሰዎች ስለ ቅደም ተከተሉ እንዲህ አጥብቀው የሚከራከሩት፣ በእኔ ግምት፣ የትኛው በር እንደሚከፈትላቸው ስለሚያውቁ ነው።

አሁን የአንድ ወጣት ውሎ እንከተል። ስም አልሰጠውም፤ እንዲህ የሚውል ሰው ብዙ ነው። ማታ የዋጠው ክሎርፕሮማዚን እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት አይለቀውም። ሲነሣ አፉ ደርቋል፣ እግሩ ከብዷል፣ ፊቱ ላይ ስሜት አይታይም። እናቱ ምሳ ትሰጠዋለች፤ መድኃኒቱ ስለሚያስርበው በላይ በላዩ ይጎርሳል፣ በዚያም ያፍራል። ሰባት ሰዓት ላይ ሀራራው ይጀምረዋል፦ ማዛጋት፣ መቆጣት፣ አንድ ቦታ መቀመጥ አለመቻል። ስምንት ሰዓት በርጫ ቤት ይገባል። ቀስ በቀስ የመድኃኒቱ ጉም ይገፈፋል፤ ረሃቡ ይጠፋል፤ አንደበቱ ይፈታል። ምርቃናው ሲመጣ እሱም እንደ ሌሎቹ ዕቅድ አለው፣ ሥራ ሊጀምር ነው፣ ወደ ውጭ ሊሄድ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ሁሉም እንዲሁ ስለሚያወራ ማን የታመመ ማን ያልታመመ እንደሆነ አይታወቅም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወሬው ይቀዘቅዛል፤ ሁሉም በየሐሳቡ ይነጉዳል። ለሌላው ዝምታ የሆነው ሰዓት ለእሱ ድምፆቹ የሚመለሱበት ነው። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ያስፈልጋል፤ አንድ ሁለት ቢራ፣ ገንዘብ ካጠረ አረቄ። ማታ ሦስት ሰዓት ቤቱ ይደርሳል። በመጠጥ ላይ መድኃኒት መዋጥ ስለሚፈራ፣ ወይም ስለሚረሳው፣ ክኒኑ ያድራል። ሳይቅም በዋለበት ቀን ደግሞ ዱካክ ሌሊቱን በቅዠት ይይዘዋል።

ከዚህ ውሎ ውስጥ «ይህ ሕመሙ ነው፣ ይህ ሱሱ ነው» ብሎ በቢላ መለየት የሚችል ካለ ይምጣ። ጫቱ የመድኃኒቱን ጫና ይፈታል፤ መጠጡ የጫቱን፤ መድኃኒቱ የሁሉንም። ክሎርፕሮማዚን ዶፓሚን እንዳይሠራ ሲከለክል ካቲኖን ዶፓሚንን ያፈሳል፤ ፍሬንና ነዳጅ አንድ ላይ እንደተረገጠበት መኪና ነው ሰውዬው።

ኤድዋርድ ካንትዚያን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1985 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐሳብ እዚህ ላይ ይነሣል፦ ሰው ዕፅ የሚይዘው ስቃዩን በራሱ እጅ ለማከም ነው፣ የሚመርጠውም ዕፅ ከስቃዩ ዓይነት ጋር ይገጥማል የሚል። ሱሰኛን ከወንበዴ መዝገብ አውጥቶ ከሕሙማን መዝገብ ስላስገባው ባለውለታ ሐሳብ ነው። ግን አልጠግበውም። የታመመ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ በሕመሙ መተርጎም ሌላ ዓይነት ንቀት አለበት። ጤነኛው ለምን ይቅማል? ጓደኛ ፍለጋ፣ ሥራ ሲፈታ፣ ደስ ስለሚለው። የታመመውም በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ይቅማል። ዶክተር ሰሎሞን ተፈራና ባልደረቦቻቸው በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ቃሚዎችና አስታማሚዎቻቸውን ያነጋገረው ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል፦ የጓደኛ ግፊት፣ ለሥራ ጉልበት ማግኘት፣ የመድኃኒቱን የጎንዮሽ ጉዳት ማስታገስ፣ ረሃብን መቀነስ፣ ደስታ። ሕመሙን ለማከም ተብሎ ሊቆጠር የሚችለው ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ ነው። እንዲያውም አንዱ የሚያክመው ሕክምናውን ነው።

በርጫ ቤቱ ለዚያ ወጣት ምን እንደሆነ ካላየን ደግሞ ምንም አላየንም። ቤት ውስጥ እሱ «በሽተኛው» ነው፤ ቢላ ይደበቅበታል፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ግባ ይባላል። ሰፈር ውስጥ ልጆች ይጠቋቆሙበታል። ለአንድ እስር ጫት የሚሆን ገንዘብ ይዞ ከተገኘ ግን ምንጣፉ ላይ ቦታ ያለው፣ ውሃ የሚቀዳለት፣ «አንተስ ምን ትላለህ?» የሚባል ሰው ይሆናል። «ጫት ተው» የሚለው ሐኪም ሳያውቀው «ሰው የምትሆንበትን ብቸኛ ቦታ ተው» እያለው ነው።

የሕክምናው አደረጃጀት ራሱ የቤተሰቡን ክርክር በሌላ መልክ ሲደግመው ኖሯል። በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ የአእምሮ ክሊኒኩ «መጀመሪያ ሱስህን ተው» ሲል፣ የሱስ ማገገሚያው ደግሞ «መጀመሪያ ሕመምህ ይረጋጋ» ሲል በሽተኛው በሁለቱ መካከል ይመላለስ ነበር። ሮበርት ድሬክና ባልደረቦቻቸው በኒው ሃምፕሸር ሁለቱን በአንድ ቡድን፣ በአንድ ጣራ ሥር፣ ለዓመታት በሚዘልቅ ትዕግሥት ማከምን አስለመዱ። በእኛ አገር የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት አገሪቱ የነበሯት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከአዲስ አበባ ሲወጣ ሥራው የወደቀው በነርሶች ትከሻ ላይ ነው። በዚህ ውስጥ አንድ ያልታሰበ ዕድል አለ፤ ሱሱንም ሕመሙንም የምታየው አንዲት ነርስ ስለሆነች በሽተኛው የሚመላለስበት ሁለት በር የለም። ችግሩ ያቺ ነርስ ወረፋው በር ላይ እየተጋፋ ስለ ጫቱ የምትጠይቀው ብዙ ጊዜ «አቆምክ?» ብላ መሆኑ ነው። መልሱም «አዎ» ነው። ሁለቱም እውነት እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ ካርዱ ላይ ግን ይጻፋል።

«ስትቅም ምን ይቀልሃል?» ብትለው ሌላ ነገር ትሰማ ነበር። «መድኃኒቱ ያፈዘኛል» ካለ መጠኑ ይታያል፣ ሌላ መድኃኒት ይሞከራል። «ምግብ አያጠግበኝም» ካለ ስለ ክብደቱ ይወራል። «ማታ ስጠጣ መድኃኒቱን እፈራለሁ» ካለ የወር መርፌ ይታሰባል፤ መጠጡ ላይ ግን ወሬው በዚያ አያበቃም። «የምውልበት የለኝም» ካለ መልሱ ከመድኃኒት መደርደሪያው አይወርድም፤ ቢሆንም ቢያንስ ሐሰት ካርድ ላይ አልተጻፈም።

ከነዶክተር ሰሎሞን ጥናት ውስጥ ከአእምሮዬ የማይወጣው አስታማሚዎች የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፦ በሽተኛው መድኃኒቱን እንዲውጥላቸው ጫት እንደ መደለያ ይሰጡታል። ክኒኑን ዋጥ፣ የጫቱን ብር ውሰድ። የሕክምና መጽሐፍ ይዞ ይህን መኮነን ቀላል ነው። እኔ ግን በማንም እናት ላይ አልፈርድም፤ ልጇ ሁለቱንም ትቶ ጨርቁን ጥሎ ሲወጣ ያየችና፣ መድኃኒት ከነጫቱ ይሻላል ብላ ሒሳብ የሠራች ሴት ናት። ለዓመታት ሐኪሞቹ በሁለት ክፍል የከፈሉትን ሰው እሷ በአንድ እጇ ይዛዋለች። ውሉን ደብቃ የምትኖረው ነርሷ ትቆጣኛለች ብላ ነው። የምትቆጣ ነርስ ካልሆነች፣ ይህንኑ ውል ይዛ ከእናትየው ጋር መደራደር ትችላለች፦ በየቀኑ የነበረው በሁለት ቀን አንዴ፣ አንድ እስር የነበረው ግማሽ፣ ጨብሲው ሙሉ በሙሉ ቀርቶ ክኒኑ ከእራት ጋር። ይህ መዳን አይባልም። ያ ወጣት ግን በዚያ ሳምንት ሌሊቱን ይተኛ ይሆናል።