የወንበሩ ቁመትና የአዛውንቱ አቅም

የአረጋውያንን የመንቀሳቀስ አቅም ለመለካት በብዛት ከሚሠራባቸው ምርመራዎች አንዱ ተነሥቶ መሄድ ነው። ተመርማሪው ከወንበር ተነሥቶ 3 ሜትር ይራመዳል፤ ዞሮ ይመለስና ይቀመጣል፤ የፈጀበት ጊዜ በሰከንድ ይመዘገባል። ተመራማሪዎቹ ፖድሲያድሎና ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መመሪያ ወንበሩ የእጅ መደገፊያ ያለውና መቀመጫው 46 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ነው፤ ከዘራ የለመደም በከዘራው ይሄዳል። ታዲያ የሚመዘገበው ሰከንድ የሰውየው ብቻ ነው ወይስ የሰውየውና የወንበሩ?

መቀመጫ ዝቅ ሲል ጉልበትና ዳሌ ይበልጥ ይታጠፋሉ፤ ለመነሣትም የጭን ጡንቻ የበለጠ ይደክማል። መደገፊያ ካለ ክንድ ሸክሙን ይካፈላል። በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ መነሣት እንደሚቻል በሚቆጥረው ሌላ ምርመራ ግን ወንበሩ 43 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን መደገፊያ የለውም፤ እጅም ደረት ላይ ይጣመራል። በእጃቸው ሳይገፉ መነሣት የማይችሉ እናት በመጀመሪያው ምርመራ ጥሩ ውጤት አግኝተው በዚህኛው ዜሮ ሊሰጣቸው ይችላል። ጉልበታቸው ያው ነው፤ የተለወጠው ዕቃው ነው።

በሐረር ጀጎል ይህ የመቀመጫ ጉዳይ ገና ከቤት ይጀምራል። በጥንቱ የሐረሪ ቤት ዋና ክፍል፣ በጊዲር ጋር፣ ሰዎች የሚቀመጡት በወንበር ሳይሆን ነደባ በሚባሉ ከፍታቸው በተለያየ መደቦች ላይ ነው። በመደቡ ምንጣፍ ላይ መቀመጥ የለመዱ አዛውንት ሲነሡ ወደ ጎን ዘንበል ይላሉ፤ መዳፋቸውን ምንጣፉ ላይ ተክለው አንድ ጉልበታቸውን ያስቀድማሉ። «እጅዎን ያጣምሩ» ሲባሉ ዕድሜ ልክ ያነሣቸውን ዘዴ ተከለከሉ ማለት ነው። ከቤት ሲወጡ የሚጠብቃቸውም ጠባብና ድንጋይ የተነጠፈበት የጀጎል መንገድ ነው፤ በለሰለሰ ወለል ላይ የተለካ 3 ሜትር ስለዚያ መንገድ ብዙ አይናገርም።

አቅም በሥጋ ውስጥ ብቻ ያለ ነገር ነው የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ ይሰናከላል። የከተማዋ ሁለት ሃይማኖቶችም አይደግፉትም። በፈረስ መጋላው መድኃኔዓለም መቋሚያ ተደግፎ የሚያስቀድስ ሽማግሌ ቆሞ አስቀድሷል እንጂ ግማሽ ቆሟል አይባልም። በእስልምናም ቆሞ መስገድ የተሳነው ተቀምጦ ይሰግዳል፤ መቀመጥ ያልቻለም በጎኑ ተኝቶ፤ ግዴታው ከአቅሙ ጋር ይሄዳል።

ይህ ሲባል ወጥ ወንበር አያስፈልግም ማለት አይደለም። አንድን ሰው ካምናው ጋር ለማወዳደር ወጥ ዕቃ የግድ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በተነሥቶ መሄድ 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ የፈጀበትን ለመውደቅ የተጋለጠ ይለዋል፤ ከፍታው ባልታወቀ በርጩማ የተገኘ 12 ግን ያንን ትርጉም አይሸከምም። ስለዚህ ከሰከንዱ ጎን የወንበሩ ከፍታ፣ የመደገፊያው መኖር አለመኖርና ከዘራው ሊጻፉ ይገባል፤ በሚቀጥለው ቀጠሮም ያው ወንበር ይቅረብ። ጊዜ ከተገኘ ደግሞ አዛውንቱ ከተነጠፈ ምንጣፍ ላይ እንደ ልማዳቸው ሲነሡ አንድ ጊዜ ይታዩ።