ስለ ርካሽ ግዢና ስለ ዝምታ

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ሊገዛ የመጣ ሰው የዕቃውን ዋጋ ከሻጩ አብልጦ ቢያውቅ፥ ያወቀውን መናገር ይገባዋልን? ወይስ ዝም ብሎ በርካሽ ቢገዛ ነውር የለበትም? ጥያቄው የጥንት ነው። እኔን ግን ወደዚህ ጥያቄ የመለሰኝ ወርቅ ወይም መሬት ሳይሆን ያረጀ የልጆች መጫወቻ ነው፤ ይኸውም ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ የሚሠራው፥ ልጆች «ጌም» የሚሉት ማሽን ነው። ጡረታ የወጣ መምህር ስለ መጫወቻ መጻፉ የሚያስቀው ሰው ቢኖር ይሣቅ፤ ጥያቄው ግን ከመጫወቻው ይበልጣል።

ይህን ዓይነቱን ማሽን ለቤት አገልግሎት አስቀድሞ ያሰበው ራልፍ ቤር የሚባል፥ በናዚዎች ዘመን ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደ ሰው ነው። ሥራውም «ኦዲሲ» ተብሎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ለገበያ ወጣ። ከዚያ በኋላ ጃፓኖች ገበያውን ያዙት፤ የኒንቴንዶ ማሽን በ1983፥ የሶኒ ፕሌይስቴሽን በ1994፥ ሁለተኛው ፕሌይስቴሽን ደግሞ በ2000 ወጡ። ይህ ሁለተኛው በዓለም ላይ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ ፋብሪካው መሥራቱን ካቆመ በኋላም በአገራችን ከተሞች በየጌም ቤቱ ብዙ ዘመን አገልግሏል። ጌም ቤት ያላየ አንባቢ ያለ አይመስለኝም፤ አንዲት ጠባብ ክፍል፥ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፥ አንድ አግዳሚ ወንበር፥ በበሩም ላይ መጋረጃ፤ ልጆች በጨዋታ ልክ እየከፈሉ ኳስ ይጋጠማሉ፥ ብዙ ጊዜም የተሸነፈው ይከፍላል። ወላጆች እነዚህን ቤቶች አይወዷቸውም። በብዙው እውነት አላቸው፤ ነገር ግን እርሱ ሌላ ድርሰት ይፈልጋል።

እኔ የምኖርባት ጥያ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በአገራችን መርካቶ ውስጥ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ስለ ሆነ፥ በመርካቶ የሚጣለውና የሚነሣው ነገር ሁሉ ወሬው ከእኛ አይርቅም። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ፥ ስሙን አልጠራም፥ እነዚህን ያረጁ ማሽኖች እየሰበሰበ ይጠግናል። ገንዘብ የለውም። ስለዚህ አዲስ አይገዛም፤ አንዱን ከምናለሽ ተራ ከብረታ ብረት ክምር መካከል፥ አንዱን ከቆራሌው ከረጢት፥ ሌላውን ደግሞ ከሰው ቁም ሣጥን ላይ ያገኘዋል። መሣሪያው አንድ ካቻቪቴ፥ አንድ ፒንሳ፥ አንድ የመበየጃ ካውያና አንድ ቴስተር ነው።

ይህን ሥራ አልንቅም፤ እንዲያውም ቁጭ ብዬ ሳየው ደስ ይለኛል። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት፥ ከጃፓን የመጣው ለ100 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ ግድግዳ ግን 220 ቮልት ይሰጣል። ስለዚህ ዘመድ ከባሕር ማዶ የላከው ስጦታ ሶኬት ውስጥ በገባበት ቅጽበት ጢስ ያወጣና ጸጥ ይላል። ቤተ ሰቡም «ተቃጠለ» ብሎ ወደ አንድ ጥግ ይጥለዋል። ዳሩ ግን የተቃጠለው ብዙ ጊዜ የኃይል ክፍሉ ብቻ ነው፤ አንጎሉ ደኅና ነው። ሲዲ አላነብ ያለውም ቢሆን ሌንሱ አቧራ ስለ ለበሰ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በአልኮል የራሰ ጥጥ ያድነዋል። በካርትሪጅ በሚሠሩት በቀድሞዎቹ ላይ ልጆች እፍ ማለት ይወዳሉ። እፍታው የሚያሠራ ይመስላል፤ ነገር ግን የሠራው እንደገና ተነቅሎ በመተከሉ ነው፥ የአፍ እርጥበት ግን ውሎ አድሮ ብረቱን ያዝገዋል። ከሁሉ የሚከፋው ካፓሲተር ነው፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽ በዘመን ብዛት ይደርቃል ወይም ይፈስና የመዳቡን መሥመር ይበላዋል። ልጁ ይህን ሁሉ ያወቀው ማንም ሳያስተምረው ነው፤ በክፍል ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ ሳስረዳ መስኮት መስኮቱን ያይ የነበረው እርሱ ነው።

ድኻ ሆኖ መሥራት ደግሞ ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። ጉንፔ ዮኮይ የሚባለው የኒንቴንዶ ሰው በ1989 ለወጣው ጌም ቦይ ባለ ቀለሙን መስታወት ትቶ፥ የተለመደውንና ርካሹን ባለ አንድ ቀለም መረጠ፤ በአራት የባትሪ ድንጋይ ብቻ ብዙ ሰዓት ስለ ሠራም ባለ ቀለሞቹን ተወዳዳሪዎች በሽያጭ በለጣቸው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ልጃቸው ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደባቸው አንዲት እናት አንድ ማሽን ነበራቸው። «የተበላሸ ነው፥ ልጄ፤ የመሰለህን ስጠኝ» አሉት። ልጁም 200 ብር ሰጣቸው። ማታ ቢፈታው የተበጠሰው አንድ ፊውዝ ነበር። በሳምንቱ አንድ የቡታጅራ ጌም ቤት ባለቤት 3,000 ብር ልስጥህ አለው። ይህን ደስ ብሎት አወራኝና ፊቴን ባየ ጊዜ፥ «ጋሼ፥ ታዲያ ዋሸሁ እንዴ?» አለኝ።

አልዋሸም። መጽሐፈ ምሳሌ በገበያ ላይ ዕቃውን እያጣጣለ ገዝቶ ዞር ሲል ስለሚፎክር ገዢ ይናገራል፤ ልጁ ግን እንደዚያ ሰው አላጣጣለም። ዝም ብቻ አለ። ነገሩን የሚያከብደውም ይህ ነው። የሮማው ሊቅ ሲሴሮ የሚያነሣው ምሳሌ አለ። በሮዶስ ደሴት ረኀብ በጸና ጊዜ አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ደረሰ፤ ከኋላው ግን ሌሎች መርከቦች እህል ጭነው ሲመጡ በዓይኑ አይቷል። ይናገርን፥ ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ዲዮጋንስ የተባለው የባቢሎን ፈላስፋ፥ ነጋዴው ካላታለለና ሕግ የሚያዘውን ጉድለት ከተናገረ ይበቃዋል፥ ዝም ማለትና መደበቅ አንድ አይደለም አለ። ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ግን ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ሳያውቅ መቅረት የለበትም ብሎ መምህሩን ተከራከረ። ሲሴሮም ከደቀ መዝሙሩ ጋር ቆመ፤ ለራስ ጥቅም ሲባል ሌላው ማወቅ የሚገባውን እንዳያውቅ መፈለግ መደበቅ ነው አለ። እኔም በዚህ ከሲሴሮ ጋር ነኝ፤ ነገር ግን ልጁ ያነሣቸው ሁለት ነገሮች እንደ ዋዛ የሚታለፉ አልነበሩም።

የመጀመሪያው፥ «ዋጋውን የፈጠረው የእኔ እጅ ነው፤ በእርሳቸው ቤት ቆሻሻ ነበር» የሚል ነው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ፊውዙን ለማግኘት ስንት ማሽን አበላሽቷል፥ ስንት ሌሊት አምሽቷል! ለድካሙና ለዕውቀቱ የሚገባው ዋጋ አለ፥ ያውም ትንሽ አይደለም። ነገር ግን ሁለት ዓይነት ዋጋ እንዳይቀላቀልብን እንጠንቀቅ። አንዱ የጠጋኙ እጅ የጨመረው ነው፤ ሌላው ዕቃው ራሱ ይዞት የነበረው፥ ባለቤቱ ግን ያላወቀው ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ልዩነት በደንብ ልናውቀው ይገባ ነበር። ስንት የብራና መጽሐፍ፥ ስንት የብር መስቀል፥ ዋጋውን በሚያውቅ እንግዳ እጅ ዋጋውን ከማያውቅ ድኻ በጥቂት ብር ተገዝቶ ከአገር ወጥቷል! እንግዳው ምንም አልጨመረበትም፤ አልዋሸም፥ ዝም አለ እንጂ። እኛም እስከ ዛሬ ስናስበው ይቈጨናል። የጥያ ትክል ድንጋዮች 36 ናቸው፥ በ1980 በዩኔስኮ መዝገብ ገቡ፤ ለመሸከም የማይመቹ በመሆናቸው ብዙ ጊዜ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ሁለተኛው ክርክሩ ከራሴ ትምህርት የተወሰደ ነበር። «ጋሼ፥ እርስዎ አይደሉም እንዴ ያስተማሩን፤ በእርሻ ውስጥ የተሰወረ መዝገብ ያገኘው ሰው ደብቆት ሄዶ እርሻውን ገዛ አይደለም?» አለኝ። በእውነቱ ሣቅሁ። ይህ የማቴዎስ ወንጌል ምሳሌ እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤትም ብዙ ያከራክረን ነበር። መልሴ ይህ ነው፤ ምሳሌው የሚናገረው ስለ መንግሥተ ሰማያት እንጂ ስለ ንግድ ሥርዐት አይደለም፤ ክፉው ዳኛ በምሳሌ ስለ ተነሣ ክፉ ዳኝነት ተመሰገነ አንልም። ደግሞም ያ ሰው በርካሽ አልገዛም፤ ያለውን ሁሉ ሸጦ ነው የገዛው። ልጁ ወደ ጎን ተመለከተና፥ «እኔም እኮ ያን ቀን የነበረኝ 200 ብር ብቻ ነበር» አለ። ይህን አላሰብሁትም ነበር፤ መልሱም በአፍ ጥሩ ነው። ነገር ግን ያን ዕለት ኪሱ ውስጥ የነበረው የሴትዮዋን ድርሻ አይወስንም፤ የቀረውን ማሽኑ ሲሸጥ መክፈል ይችል ነበርና።

በመርካቶ ነጋዴ ለነጋዴ ሁሉን አይነግርም፤ ይህ የታወቀ ነው፥ እኔም አልወቅሰውም። ቆራሌው ከልጁ ጋር ሲከራከር ሁለቱም ሥራቸው ላይ ናቸው፤ አንዱ ዛሬ ቢጎዳ ነገ ያካክሳል። እኚያ እናት ግን ነጋዴ አይደሉም። «የመሰለህን ስጠኝ» ያሉት ፍርዱን በእርሱ እጅ ሲጥሉ ነው፤ ሰው ፍርዱን በእጅህ ከጣለ በኋላ ገዢ ብቻ መሆንህ ይቀርና ዳኛም ትሆናለህ። ዳኛ ደግሞ ለራሱ ሲፈርድ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

ታዲያ ምን ይበል? የገበያ ዋጋውን ሁሉ እንዲያስተምር አልጠይቅም። «እማማ፥ ይህ ሊድን ይችላል፥ ላይድንም ይችላል፤ ከዳነ ይህን ያህል እጨምርልዎታለሁ» ማለት ግን አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። ወይም የጥገና ዋጋውን ነግሮ ምርጫውን ለእርሳቸው ይተው። ይህን የሚያደርግ ድኻ ሰብሳቢ አንዳንድ ጥሩ ዕቃ ያመልጠዋል፤ ይህን አልሸሽግም። ባለጠጋ እውነት ቢናገር ከትርፉ ይቀንስበታል እንጂ ከእራቱ አይጎድልበትም፤ ለድኻው ግን አንዲቱ ቃል የአንድ ወር ድካም ልታስከፍለው ትችላለች። ስለዚህ ቃሉን ያወጣ ድኻ በፊቴ ከባለጠጋው ይበልጥ የከበረ ነው፥ ያላወጣውንም ለመውቀስ ምላሴ አይፈጥንም።

ልጁ ሲሸጥ ግን የምለው ሌላ ነው። አንዳንድ ጠጋኞች ፊውዝ ሲያጡ በምትኩ ሽቦ ይጠመጥማሉ። ማሽኑ ይሠራል፥ ገዢውም ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ነገር ግን ኤሌክትሪኩ የበዛ ቀን የሚቆርጠው ነገር ስለሌለ ቤት ሊያቃጥል ይችላል። በዚህ ላይ ዝም ያለን ሰው ከዲዮጋንስም ዘንድ የሚከላከልለት የለም።

ልጁ ማሽኑን አልሸጠም፤ ተሸክሞ ወደ እናትየዋ ተመለሰና መሥራቱን ነገራቸው፥ ለማሳየትም ከቴሌቪዥናቸው ጋር አያያዘው። በማሽኑ ላይ ተሰክታ የቀረች ባለ 8 ሜጋባይት የማስታወሻ ካርድ ነበረች፤ በርሷም ላይ ስደተኛው ልጃቸው ጀምሮ የተዋቸው ጨዋታዎችና በጥያ ስም የሰየመው የኳስ ቡድን ተቀምጠው ተገኙ። እናትየዋ ተጠግተው፥ «የርሱ የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ፤ አሳያቸው። ስለ ገንዘቡ ተነጋግረው 1,500 ብር ሊጨምርላቸው ተስማሙ፥ ማሽኑም የልጁ ሆነ። ካርዱን ግን ነቅለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ያለ ማሽኑ ምንም እንደማያሳይ ቢነግራቸው፥ «ይሁን» አሉ።