ሽማግሌ በመድረክ ላይ

በባሕር ዳር በፋሲሎ የሚኖሩ፥ በአንድ ጽዋ ማኅበር ብዙ ዘመን የኖሩ ጥቂት ሽማግሌዎች ለሠፈራቸው ሰው የሚያሳዩት ቴአትር ያጠናሉ። ነገሩ የሁለት ወንድማማቾች የርስት ጠብ ነው። አስታራቂውን ሆነው የሚጫወቱት አረጋዊ ወደ እኛ መጥተው፥ «አባታችን፥ እኔ ራሴ ከወንድሜ ጋራ ከተኳረፍሁ ዓመታት አልፈዋል። በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ ‹ይቅር በለው› ማለት አለብኝ፤ ከዚያ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። ግብዝ መሆኔ አይደለምን?» ሲሉ ጠየቁን።

ሽማግሌ ቴአትር ሲጫወት ያሳፍራል ለሚሉ ብዙ ቃል አናባክንም። የአረጋዊው ጥያቄ ግን ቀላል አይደለም። በግሪክ ቋንቋ የግብዝ ስም አስቀድሞ የቴአትር ተጫዋች ስም ነበረ፤ በግእዙ ወንጌል «መደልዋን» የተባሉት በዚሁ ስም የተጠሩት ናቸው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ399 ዓ.ም. የቁስጥንጥንያን ሕዝብ ወደ ፈረስ እሽቅድምድምና ወደ ቴአትር ስለ ሮጠ አጥብቆ ገሥጾታል። ነገር ግን ይኸው ሊቅ ስለ አልዓዛር ሲሰብክ ምሳሌውን ያመጣው ከዚያው ከቴአትር ቤት ነው፤ ማታ ተጫዋቹ የንጉሥነቱን ልብስ አውልቆ ማንነቱ እንደሚገለጥ፥ ሀብትና ድህነትም በሞት ጊዜ ይገፈፋሉ ሲል። የነቀፈውን ነገር እንዲህ ጠንቅቆ ማወቁ ያስገርመናል! በአገራችንም የደብረ ኤልያሱ ሰው ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ፥ ከ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ አስቀድሞ፥ ከቅኔ ቤት ወጥተው ተውኔት ደርሰዋል።

ለጠያቂያችን ይልቁን የምትቀርበው በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ የተጻፈችው የቴቁሔ ሴት ናት። ኢዮአብ የኀዘን ልብስ አልብሶ፥ የምትናገረውንም አስጠንቶ፥ ወደ ዳዊት ላካት። እርስዋም ከሁለት ልጆችዋ አንዱ ወንድሙን እንደ ገደለ፥ ዘመዶችዋም የቀረውን ሊገድሉባት እንደ ተነሡ ነገረችው። ንጉሡ ራርቶ ፈረደላት፤ ፍርዱም በራሱ ላይ ተመለሰና የሸሸው ልጁ አቤሴሎም ከስደት ተጠራ። የኢዮአብ ምክር አለበት ወይ ብሎ በጠየቃት ጊዜም አልካደችም። ግብዝ ግን ሲጠየቅ የለበሰው የገዛ ቆዳው እንደ ሆነ ይምላል። መድረክ ላይ የቆመ ሰው ሌላ ሰው መስሎ መቆሙን ተመልካቹ ሁሉ ያውቃል፤ ማንንም አላታለለም። ስለዚህ አረጋዊው ቢጫወቱ ግብዝ አይባሉም ብለናል።

ይህን ብለን ግን ልናሰናብታቸው አልወደድንም። ዳዊት በዚያች ሴት ነገር ልቡ ተነክቶ ልጁን ቢያስመጣም፥ አቤሴሎም በኢየሩሳሌም ሁለት ዓመት ሲቀመጥ የአባቱን ፊት አላየም። ይህን ስንነግራቸው አረጋዊው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ኋላም ወንድማቸው በዘጌ እንደሚኖሩ፥ ዘጌ ደግሞ ከባሕር ዳር በጀልባ ሩቅ እንዳልሆነ ራሳቸው ነገሩን።