የተረሳ ሕመም ሕመም አይደለምን?

ሕፃን ሲገረዝ ጩኸቱ የሰማውን ሁሉ አንጀት ይበላል። «ጨቅላ ነው፤ ይረሳዋል» እንባባላለን። ለመሆኑ የተረሳ ሥቃይ እንዳልነበረ ይቆጠራልን?

ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን አራስ ሕፃን ሕመም አይሰማውም ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 የካናዳ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ግን ያለ ማደንዘዣ የተገረዙ ሕፃናት ከወራት በኋላ ክትባት ሲወጉ ካልተገረዙት ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ እንዳለቀሱ አሳይቷል። አንደበታቸው ባይናገርም ገላቸው አልረሳም።

ውድ አንባብያን! ግርዛት ሱና ነው፤ ማሰቃየት ግን የሱናው አካል አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንስሳ የሚያርድ ሰው ቢላውን እንዲስልና የሚታረደውን እንዳያሠቃይ አዘዋል። ለበግ የታዘዘ እዝነት ለገዛ ልጃችን ይነፈጋልን?

ገራዡ ቅርብ፣ ሐኪሙ ሩቅ የሆነበት የዋግ ኽምራ ዝቋላ ገበሬ፣ ሙስሊምም ይሁን ልጁን በስምንተኛው ቀን የሚያስገርዝ ክርስቲያን፣ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ክሊኒክ ደጃፉ ላይ ያለው ከተሜ ግን ምን ይመልሳል? ምላጩ ከመነሳቱ በፊት ባለሙያውን «ማደንዘዣ ትሰጡታላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ የአባት አማና ነው። ሕፃኑ ራሱ መጠየቅ አይችልምና።

ወሏሁ አዕለም።